ማሽኑ «ሴት» አልልም አለ

እሑድ 9/11፣ ቀትር

ደብተሬ፣ ይህን ላንቺ ብቻ። ዛሬ የኮምፒዩተር ኩርስ ላይ ማሽኑ ቀይ መስመር አውጥቶ ሲቆጣኝ፣ ምን እንዳለኝ ሳላነብ ዘጋሁት። ሳሻ እንዳያይብኝ። ሃምሳን አልፌ፣ ልጅ አስተምሬ፣ ድሬ፣ ስህተቴን በክንዴ የምሸፍን ተማሪ ሆንኩልሽ።

ሳሻ መምህራችን ነው። ከሩሲያ የመጣ፣ ዕብራይስጡ እንደኔው ጎርበጥ ያለ። ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ሳለ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ፈንታ፣ የእድራችን ዳኛ። ጋሽ ታከለ አርፏል ይላሉ። የትርንጎ ባል። ቀብሩ ዛሬውኑ ነው፣ መልእክቱን ቶሎ ላኪ።

መላክ የኔ ሥራ ነው። መጽሔት ላይ ዓምድ አለሽ፣ እጅሽ ለጽሑፍ የፈታ ነው ብለው የእድሩን ጸሐፊነት ከጫኑብኝ ቆየ። ድሮ ስም በስም እየደወልኩ አረዳ ነበር። ዘንድሮ ኩርሱ ላይ ዳታቤዝ ስንማር አባላቱን ሁሉ ወደዚያ አዛወርኳቸው። ለመለማመጃም ሆነኝ፣ ለኩራትም። ሥርዓቱን አልነካሁም፦ ለወንዶቹ አንድ መልእክት፣ መቃብር የሚቆሙበት ሰዓት። ለሴቶቹ ሌላ፣ ማን ምን ይዛ ለቅሶ ቤት እንደምትገባ።

ተጫንኩ። የወንዶቹ ሄደ። ከዚያ ቀይዋ መስመር። ዘጋሁት። ወንዶቹ ከሄዱ ሴቶቹ የት ይቀራሉ ብዬ።

አሁን ልብስ እየቀየርኩ ነው። ትርንጎ፣ ጎረቤቴ። እስራኤል መጥተን አፉላ ኢሊት ሰፈር ስንገባ የቤት ቁልፍ በአንድ ቀን የተቀበልን። እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ። ችኮላ ላይ ነኝ፤ ከእንግዲህ ት. ብዬ ነው የምጽፋት።

እሑድ፣ ሲመሽ

ሴት አልመጣም።

መቃብሩ በወንድ ተሞልቶ ነበር። ቤት ስንገባ እኔ፣ ልጇ ሚካል፣ ኬክ ይዛ የመጣች የፎቁ ሩሲያዊት። ሌላ የለም። ሳሎኑ ዙሪያውን ወንበር፣ ወንበሩ ባዶ። ወንዶቹ ሚርፔሴቱ፣ በረንዳው ላይ ቆመው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ት. ቀና ትላለች። ደግሞ ወንድ።

ሙሾ ጀመረች። የሚቀበላት አጣች። አቆመች። እኔ ልቀበላት ሞከርኩ። ድምፄ ለወሬ እንጂ ለሙሾ አልተፈጠረም፤ መሀል ላይ ተሰበረ። ት. እጄን መታ መታ አደረገችኝ። እኔን ልታጽናና።

ምን ነካቸው? ጉንፋን ይሆን፣ ሥራ ይሆን። ሁሉም በአንዴ?

ማክሰኞ 11/11

ወጥ እሠራለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ሳህን አቀርባለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ። ሚካል ከደቡብ ስለመጣች ዕቃው የት እንዳለ እንኳ አታውቅም። ስልክ ለማየት ፋታ የለኝም።

ት. ዛሬ ተናገረች። ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ። «ለሠርጌ ያልጠራኋቸው ለሞቴ ቀሩ።»

የሚካልን ሠርግ ማለቷ ነው። በጋ ላይ። አዳራሹ በሳህን የሚያስከፍል ሆኖባቸው ግማሹን ሰፈር ሳይጠሩ ቀሩ። ያኔ ትንሽ ጉርምርምታ ነበር፣ አልክድም። እኔም ሰምቻለሁ። ግን ሞት ላይ? የኛ ሰው ለሠርግ ይኮርፋል፣ ለቀብር ግን ኩርፊያውን ኪሱ ከቶ ይመጣል። እንዲህ አልኳት።

ት. ድሮም ብዙ አታወራም። አሁን ግን ዝምታዋ በር ያለው ይመስላል፣ ከውስጥ የተቀረቀረ።

ረቡዕ 12/11

ስኳርና ኩባያ ልገዛ መሀል ከተማ ወረድኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እንጉዳይ። ከኛ ሁለት ሕንፃ ወዲያ የምትኖረው፣ ምላሷ የሰላ፣ ልቧ የዋህ። ተሳሳምን። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ ጋሽ ታከለ አሁንም ሆስፒታል ነው?

ዘንቢሌን አስቀመጥኩ።

እሑድ እኮ ተቀበረ፣ ባልሽም መቃብር ላይ ነበር አልኳት። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አካፋ ጨብጦ። እዚያው ቆማ ደወለችለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ቀብረህ መጥተህ ዝም?»

«ላንቺም መልእክት ደርሶሽ መስሎኝ» ይላል፣ ድምፁ እኔ ድረስ።

«ደርሶኝ ቢሆን ድስት ሳልጥድ እቀር ነበር? ራትህን ስትበላ ነጠላዬን ለብሼ አይተኸኛል?»

«እኔ ነጠላ መች አያለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህቺን ለዓምዴ እቀልባት ነበር። ዛሬ የሴቶቹን ስም በጣቴ መቁጠር ያዝኩ። አንዷም አልደረሳትም። በየቤቱ ባል ቀብሮ ገብቶ፣ ሚስቴ ታውቃለች ብሎ ዝም። ድሮ አንድ ሰው ሲሞት ሴቶቹ ከወንዶቹ ቀድመው ይሰሙ ነበር። መልእክት ከለመድን ወዲህ፣ ስልኩ ካልጮኸ ሰው አልሞተም።

ቀይዋ መስመር። እንግዲህ ሌላ ምን ይሆናል። አላነበብኳትም።

ሐሙስ 13/11

ትናንት ለሁሉም ደወልኩላቸው። ዛሬ መጡ። እንደ ጥፋተኛ ተሰብስበው፣ ድስት ታቅፈው፣ ደረጃው ላይ እየተንሾካሾኩ።

ት. ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንጉዳይ ጎንበስ ብላ ልትስማት ስትል ትከሻዋን ሰበቀች። ለምና አምጥታቸው ነው አለች ለሚካል፣ እነሱ እየሰሙ። ለምና ማለቷ እኔን ነው።

ድስቶቹ ጠረጴዛ ላይ ቀሩ። ሴቶቹ ወጡ። ደረጃው ላይ መንሾካሾኩ አልነበረም።

ከዚህ የባሰ ምን አለ? ባይመጡ ይሻል ነበር።

እሑድ 16/11

ሺቫው፣ የሰባት ቀን ለቅሶው አልቋል። ኩርስ ሄድኩ። ሳሻን ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት። ምን ብሎ ነበር የጻፈብሽ አለኝ። አላነበብኩትም አልኩት። አልገረመውም። ሰው ቀይ ሲያይ ይሸሻል ይላል፣ እሱም በወጣትነቱ ይሸሽ ነበር።

መላኩን ዘግተን መጠየቂያውን፣ ስም የሚያወጣውን ጽሑፍ ብቻ አስኬድነው። ወንዶቹ ወረዱ፣ ስማቸው ተደርድሮ። ሴቶቹ ላይ ቀይ። ሳሻ ጣቱን ቃሏ ላይ አደረገ። set። ይህ ምንድን ነው?

ኢሻ አልኩት። ሴት።

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው።

የሠንጠረዡን ዓምዶች የሰየምኳቸው እኔ ነኝ። ልጆቻችን በስልክ እንደሚጻጻፉት፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል። ስም sim። ሰፈር sefer። ወንድ wend። ሴት set። ለካ set ዳታቤዙ በሚሰማው ቋንቋ ትእዛዝ ነው። ይህን ወደዚህ ለውጥ ሲባል የሚነገር፣ ቋንቋው ለራሱ የያዘው ቃል። ሚላ ሽሙራ ይለዋል ሳሻ፣ የተጠበቀ ቃል። እኔ ሽምብራ ብዬ ሰምቼ ሽምብራ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ለስያሜ ሊያውለው ሲሞክር ማሽኑ ግራ ይገባዋል። ሴት የሚልበት ቦታ ትእዛዝ ይሰማል። ያልተጨረሰ ትእዛዝ። ይቆማል።

ታዲያ ሠንጠረዡን ስሠራ ለምን ዝም አለኝ? ያኔ በማውስ እየነካሁ ነበር፤ ፕሮግራሙ ራሱ ቃሉን ከግራና ከቀኝ ከልሎ አስገብቶልኛል። መጠየቂያውን ግን በእጄ ጻፍኩት፣ ሳይከለል።

ወንድን አሳለፈ። ሴት ላይ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ሴቶች ጽፌ እንጀራ የበላሁ ባለ ዓምድ፣ አንድ ዓምድ በትክክል መሰየም አቃተኝ።

ደግሞ እኮ የተጠበቀ ቃል ምን እንደሆነ ከሳሻ በፊት አውቅ ነበር። እናቴ ያማቷን ስም በአፏ ሳትጠራ ነው ያለፈችው። ጎንደር ሳለን በዚያው ስም የሚጠራ ጎረቤት ነበረን። ሞክሼው ትለው ነበር። ሞክሼው መጣ፣ ሞክሼው ሄደ። በቤታችን ያ ስም ተይዟል፣ ባለቤት አለው። ልጅ ሆኜ የገባኝ ነገር፣ ትልቅ ሆኜ አመለጠኝ።

ሰኞ 17/11

ነገርኳት። ደረጃውን ስወጣ አፌ ላይ አስተካክዬው ነበር። ት. መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ወደ ባቡር ጣቢያው ታያለች። ወታደሮቹ ሲወርዱ፣ ሲወጡ።

ሴቶቹ አልቀሩብሽም፣ አልተጠሩም ነው አልኳት። ኮምፒዩተሩ ሴት የሚለውን ቃል አልቀበልም ብሎ ነው።

ዘወር ብላ አየችኝ። መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ።

«ማሽን ሴት አይወድም ብለሽ ልታጽናኚኝ ነው የመጣሽው?»

እውነቴን ነው አልኳት። ት. የምትለው ሲኖራት በቀስታ ነው። አንቺ መጽሔትሽ ላይ ነገር ስታሳምሪ የኖርሽ ሴት ነሽ አለችኝ። የጎረቤት ድመት ታሪክ ሠርተሽለት ታውቂያለሽ። እኔን ደግሞ እንደ ድመቱ አታድርጊኝ።

ድመቱን አሳምሬዋለሁ፣ እውነት ነው። የዘወትር ሥራዬ ነው፤ ቁም ነገር ላይ ትንሽ ቅመም። አንባቢ ይስቃል፣ ት. ራሷ ስንቴ ስቃልኛለች። አሁን ያለ ቅመም አንድ እውነት ይዤ ብመጣ የሚቀምሰው ጠፋ።

ወረድኩ። ምሳ አልበላሁም።

እሑድ 23/11

ሳሻ ሁለት መንገድ ሰጠኝ። ወይ ስሙን ለውጪ፣ ወይ ሸፍኚው። ሽፋኑ ጋደል ያለች ጭረት ናት፣ ከቃሉ ፊትና ኋላ። የፊደል ገበታው ላይ ከላይ በስተግራ፣ ማንም የማይነካት ቁልፍ።

ነካኋት። ደግሞ ቀይ። ነካኋት። ደግሞ ቀይ። እንባዬ መጣ።

ሳሻ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ገበታዬ ዕብራይስጥ ላይ ቆሟል። በዕብራይስጥ ያቺው ቁልፍ ጭረቷን አትሰጥም፤ ነጥብና ሰረዝ የተደራረቡባትን ምልክት ነው የምትሰጠው። ያቺ ምልክት ደግሞ በዚያ ቋንቋ ጨርሻለሁ ማለት ናት። እንግዲህ ሴት ከማለቴ በፊት ጨርሻለሁ እያልኩት ኖሯል።

ቋንቋውን ቀይረን እንደገና። ወረዱ። እንጉዳይ፣ ያለምወርቅ፣ ደጊቱ፣ ሁሉም። አንዷም ሳትቀር። መሀላቸው ት. ራሷ፣ ከነስልኳ።

ሳሻ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ጎበዝ አለኝ። እኔ ግን የማየው የለቅሶውን ቀን ነው። ይህ ሁሉ ሴት በዚያ ደረጃ ላይ ሲወጣ።

ረቡዕ 26/11

ወሰነች። የሠላሳውን ቀን መታሰቢያ፣ አዝካራውን፣ እዚህ ታወጣለች፣ ከዚያ ከሚካል ጋር ወደ ደቡብ። ቤቱን ታከራያለች። ሚካል ናት ሳጥን ፍለጋ መጥታ የነገረችኝ። እማ ጥቂት ወንበር ይበቃኛል ብላለች አለችኝ፣ ዓይኗን እየሸሸች። ሳጥን ሰጠኋት። የመጽሔት ሳጥን፣ የራሴ ስም የተጻፈበት።

እንጉዳይ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ቃሉ፣ ስለ ቁልፏ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። እሷ አመነችኝ። ማመኗ ግን ምን ይጠቅማል? ማሽኑን ይቅር ብያለሁ አለችኝ፣ ማሽኑ ፊቱን አላዞረብኝም። ት. ግን በሰው ፊት ትከሻዋን ሰበቀችብኝ። ሌሎቹም እንዲሁ። ሳንጠራ ቀርተን ተሰደብን፣ ተጠርተን ሄደን ተሰደብን፣ ሦስተኛውን ምን ልንሆን?

ይህቺ ደግሞ ኩራቷ፣ ያቺ ደግሞ ኀዘኗ። መሀል ላይ እኔ፣ ባለ ዓምዷ።

ወደ ቤት ስመለስ ዝናብ። ሸለቆው ጉም ውስጥ ገብቷል፣ ጣቢያው አይታይም። ት. ከሄደች ከላይ የማን እግር እሰማለሁ? ስትነቃ አውቃለሁ፣ ስትተኛ አውቃለሁ። ወንበር ስትጎትት የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ።

ረቡዕ 3/12

ጋሽ ፈንታ ደወሉ። ትርንጎ እስክትሄድ ድረስ ብቻቸውን ከሚኖሩት ጋር መዝግቢያት፣ ሰው እየዞረ ይያት አሉ። አልሄደችምና አሁንም የእድሩ ናት።

ለብቸኞቹ ሴቶች ዓምድ አለኝ። አንድ ራሳቸውን የሚኖሩ። and ብዬዋለሁ።

ኩርስ ላይ ከፈትኩት። ት.ን የሚያገኝ ትእዛዝ በእጄ ጽፌ and ላይ ምልክት ላደርግ። ቀይ። በዚህ ጊዜ አልሸሸሁም፣ አነበብኩት። and አጠገብ ስህተት።

ሳሻን ጠራሁት። አየ፣ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ኤሓድ አልኩት። አንድ። ብቻ። ብቻዋን።

እሱ እንዳስረዳኝ፣ and በዚያ ቋንቋ «እና» ነው። ማገናኛ። ይህም፣ ያም፣ ሁለቱ አብረው ሲባል። ከተጠበቁት ሁሉ የተጠበቀ ነው፤ ካለሱ ምንም አይጠየቅም። እኔ ብቸኝነት ያልኩትን ማሽኑ መገናኘት ብሎ ይሰማዋል። ማንን ከማን ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛውን ሲያጣ እምቢ ይላል።

ሳሻ በጭረቶቿ ሸፍኚው አለኝ። አሁን እኮ ታውቂያለሽ።

አውቃለሁ። ጣቴ ቁልፏ ላይ ሄዶ ቆመ። አልተጫንኩም። ዘግቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ኢሊት ድረስ አለቀስኩ። አንዲት ወታደር ልጅ ሶፍት ሰጠችኝ። በአማርኛ ምነው እማማ አለችኝ፣ ቀጥላ በዕብራይስጥ፣ ያጣችው ቃል በዝቶባት። እማማ ማለቷ ደግሞ ለብቻው አስለቀሰኝ።

እሑድ 7/12

ነገ አዝካራው ነው።

ኩርስ ቀርቼ፣ ጠዋት ቤቴ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ ጻፍኩ። ለሴቶቹ። ቅመም የለበትም። እንዲህ ይላል፦ ጋሽ ታከለ ያረፈ ቀን መልእክት ያልደረሳችሁ በኔ ስህተት ነው። ማሽኑ ስህተቴን ነግሮኝ ነበር፣ ሳላነብ ዘጋሁት። ትርንጎ እንዳትጠሩ አላለችም፣ እናንተም ተጠርታችሁ አልቀራችሁም። መሀል ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ። አዝካራው ነገ ሲመሽ ነው፣ እቤቷ።

መጠየቂያውን ደጋግሜ አየሁት። ሴት፣ በጭረቶቿ መሀል። ገበታው እንግሊዝኛ ላይ። ተጫንኩ። ቀይ የለም። ሁሉም ጋ ሄደ።

ሁሉም ጋ ማለቴ ት. ጋም። እሷም ሴት ናት፣ እሷም አባል ናት፤ አላወጣኋትም። እኔ ደረጃ ወጥቼ ብነግራት ማሳመር ነው። ለሰፈሩ ሁሉ የተላከ ግን፣ እኔን እያዋረደ፣ ምን ብዬ አሳምረዋለሁ? ከላይ የስልኳ ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ የሚካል ድምፅ፣ ፊደል እየቆጠረች ስታነብላት። ከዚያ ምንም። ወንበርም አልተጎተተ።

ጋሽ ፈንታ ደወሉ፣ ራስሽን እንዲህ ማዋረድ ምን አመጣው ብለው። ከሴቶቹ አንዷም አልመለሰችም። ከሰዓት እንጉዳይ ብቻ ጻፈች። «አየሁት።» ይኸው ነው። አንድ ቃል። እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል። አሥር ጊዜ ከፍቼ አነበብኩት። ቀይ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የት እንደተሳሳትኩ ይነግረኛል።

ወጥቼ ከሕንፃው በታች ቆየሁ። የሚካል መኪና ኋላው ተከፍቷል። ሳጥኖቹ ገብተዋል፣ ላይኛው ላይ ስሜ ይነበባል። ወንበሮቹ ብቻ አልወረዱም። ሚካልን ስንት ልታስቀሩ ነው አልኳት። አላውቅም አለችኝ፣ እማ መልእክቱን ከሰማች ወዲህ ስለ ወንበር አታወራም።

ይህ ጥሩ ነው መጥፎ? ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ። እኔ ተስፋ ማድረግ ደክሞኛል። ሴቶቹ ኩሩ ናቸው። ት. ከሁሉም የባሰች። እኔም ብሆን አልመጣም ነበር መሰለኝ።

ጋሽ ፈንታ መዘገብሻት ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልመዘገብኳትም። እንዴት እንደሚሸፈን አውቃለሁ፣ ጊዜም አለኝ፣ ኮምፒዩተሩ ክፍት ፊቴ ነው። የት.ን ስም and ውስጥ አላስገባም፤ ነገ ደረጃው ላይ የሚወጣውን እግር ሳልሰማ። ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፣ ማንም ሳያልፈኝ አይወጣም። በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ። እንጉዳይ መጣች አልመጣች፣ ድስት ያዘች አልያዘች፣ ት. ፊቷን ወዴት እንዳዞረች፣ ቃል ሳልጨምር፣ ሳላሳምር፣ ነገ ማታ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።